ስቲቭ ባልመር ማይክሮሶፍትን አሳደገው ወይስ ዕድሉን አባከነበት?

አወያይ፦ ባልመር ከቢል ጌትስ ተረክቦ ከ2000 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍትን መርቷል። ገሚሱ ሰው ለዛሬው ኩባንያ መሠረት ጣለ ይለዋል፤ ገሚሱ ዘመኑን አባከነው። እናንተስ?

ፕሮግራመሩ፦ አባክኗል! በ2007 አይፎን ሲወጣ ዋጋውንና ቁልፍ ሰሌዳ የሌለው መሆኑን እያነሣ ሳቀበት። ዘግይቶ ሲነቃ የኖኪያን የስልክ ክፍል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመግዛት ተስማማ። በ2015 ተተኪው ሳትያ ናዴላ 7.6 ቢሊዮን ዶላር እንደ ኪሳራ ቆጥሮ ከመዝገብ ሰረዘ፤ ወደ 7,800 የሥራ መደብም ታጠፈ።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ስልኩ ላይ ብቻ አትቁም። ሲረከብ ዓመታዊ ገቢው 23 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2013 ወደ 78 ቢሊዮን ደርሷል። የኮምፒውተር አቅምን በኢንተርኔት የሚያከራየው አገልግሎት አዙር ይፋ የሆነው በ2008፣ በየጊዜው እየተከፈለበት የሚሠራው ኦፊስ 365 የወጣው በ2011 ነው። ናዴላንም በ2011 የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ ያደረገው ባልመር ነው። ተካዩን ረስቶ ለቃሚውን ብቻ ማመስገን ደግ አይደለም።

በሰው ኃይል የምሠራ፦ ሁለታችሁም ስለ ገበያው ነው የምታወሩት። እኔን የሚያንገበግበኝ የሠራተኛ ምዘናው ነው። አለቃ ቡድኑን በደረጃ እንዲከፋፍል ይገደድ ነበር፦ ጥቂቱ ከላይ፣ ብዙው መሐል፣ የተወሰነው የግድ ከታች። አሥሩም ጎበዝ ቢሆኑ አንዱ መውደቅ አለበት። ቦነሱም እድገቱም በዚያ ይወሰናል። እስቲ አስቡት፤ የኔ ማለፍ ባንተ መውደቅ ከሆነ፣ የማውቀውን ለምን አሳይሃለሁ? ጎበዝ ከጎበዝ ጋር መመደብን ይሸሻል። አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው ደግሞ ቶሎ ውጤት ስለማያሳይ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ለእኔ ስልኩም ያመለጣቸው በከፊል በዚህ ነው።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ያንን አሠራር ግን ኩባንያው የተወው በኅዳር 2013፣ ባልመር ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ነው። ለናዴላ አትስጪው።

በሰው ኃይል የምሠራ፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ ይያዝለት። ግን መልቀቁን ካስታወቀ በኋላ ነው። እስከዚያ ተስፋ ቆርጦ የወጣው ሠራተኛ በየትኛው የገቢ ሠንጠረዥ ይገኛል?

ፕሮግራመሩ፦ አዙርን እቀበላለሁ። ነገር ግን በነሐሴ 2013 መሰናበቱ በተሰማበት ቀን አክሲዮኑ 7 በመቶ ገደማ ዘሏል። ባለአክሲዮኑ ምን ያህል ቢመረው ነው?

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ምሬቱን አልክድም። አዙር ያኔ ገና ትንሽ ስለነበር ብዙ ሰው አልቆጠረለትም። እኔ ግን እቆጥርለታለሁ።