በሙያ ግሩፓችን ዝምታው ከምን መጣ?

ጥያቄ፦ የግሩፑ አስተዳዳሪ፣ ኮምቦልቻ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የተሰባሰብን የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያዎች የምንመካከርበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አባላቱ ብዙ ቢሆኑም የሚጽፉት 7 ወይም 8 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የቀረው አንብቦ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት በሰኞ ገበያ ዕለት አንድ ወጣት ከደሴ የወፍጮ ቤት ሞተር ፎቶ አንሥቶ፣ «ኦቨርሎዱ (ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው ማጥፊያ) በየ10 ደቂቃው ያጠፋብኛል፤ ባለ እህሉ ተሰልፏል፤ ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀ። የመጀመሪያው መልስ «ይህን ሳታውቅ ነው የተመረቅኸው?» የሚል ነበር፤ ከሥሩም የሳቅ ምልክት ተደረደረበት። ልጁ ጥያቄውን ወዲያው አጠፋው። ስሎው ሞዱን (አንድ አባል በተከታታይ እንዳይጽፍ የሚያዘገየውን የቴሌግራም ማስተካከያ) ላብራ ወይስ ደንብ ላውጣ? ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ ቴክኒሽያን፣ ኮምቦልቻ

ስሎው ሞድ እንደ አስተካካዩ ፈቃድ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ያዘገያል እንጂ ስድብን ከምክር አይለይም፤ የቆመ ማሽን ፊት ሆኖ መልስ የሚጠብቀውን ሰው ግን ይጎዳዋል። በእኔ በኩል ጥያቄውም ጎደሎ ነበር። የ380 ቮልት ሞተር ኦቨርሎድ የሚያጠፋው ጭነት ሲበዛ፣ ኩሽኔታው ሲነክስ፣ ኦቨርሎዱ ከሞተሩ አምፔር በታች ሲስተካከል፣ ወይም ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ጠፍቶ የቀሩት ሁለቱ ከልክ በላይ ሲስቡ ስለሆነ፣ በሞተሩ ታርጋ ላይ የተጻፈውንና በሦስቱም መስመር የተለካውን አምፔር ሳያዩ መመለስ ግምት ነው። ሆኖም «ሦስቱንም ለካህ?» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ከስላቁ ያጥራል።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ደሴ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ እኔ ግን ልኬቱን ይዤም ዝም የምልበት ሌላ ምክንያት አለኝ። አማርኛ ግሡ ራሱ ጾታንም ማዕረግንም ስለሚናገር፣ ማን እንደሚያነበው ሳያውቅ «አንተ» ብሎ የሚጀምር ሰው ሌላውን ከበር ይመልሳል። ዓምና ስለ ኮንታክተር (ሞተርን የሚያበራና የሚያጠፋ መቀያየሪያ) አያያዝ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አንድ አባል «ጎበዝ ወንድሜ» ብሎ አመሰገነኝ፤ ሴት ነኝ ብል ወሬው ከኮንታክተሩ ወደ እኔ እንደሚዞር ስለማውቅ አላረምሁትም። በወሎ ታላቅን ሰው «አንቱ» ማለት ከቤት የተማርነው ነገር ነው፤ በማናውቀው ሰው ፊት «እርስዎ» ብንል ምን ይቀርብናል?

መልስ፦ የአውደ ጥገና ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

ያንን የስላቅ መልስ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አውደ ጥገና ውስጥ ፊት ለፊት ብዬው ቢሆን ኖሮ ልጁ ስቆ ካቻቪቴውን ያቀብለኝ ነበር፤ ፊቴን እንደማያይ ግን አላሰብሁም። ይቅርታ ልጽፍለት ብፈልግ ከግሩፑ ወጥቷል።

የጠያቂው ምላሽ፦

ስሎው ሞዱን ትቼዋለሁ። ልጁን ደውዬ አግኝቼዋለሁ፤ ሦስቱንም ሲለካ፣ የኮንታክተሩ አንድ ብሎን ላልቶ አንዱ ፌዝ እየመጣ ይሄድ ኖሯል። አጥብቆት ወፍጮው እየሠራ ነው። ግሩፑ ውስጥ ተመልሶ መፍትሔውን እንዲጽፍልን ብጠይቀው «እርስዎ ይጻፉልኝ» አለኝ።