የ1789 የፈረንሳይ መንደሮች አቤቱታ፦ የገበሬው ድምፅ ነው ወይስ የጸሐፊው?

መምህርት ከአራት ኪሎ
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። የፈረንሳይ አብዮት ላይ ስንደርስ ልጆቹ ምክንያቶቹን ከ1 እስከ 6 ይሸመድዳሉ፤ ፈተናው ሲያልፍ ሁሉም ይረሳል። ዘንድሮ በዘመኑ ሰዎች የተጻፈውን ራሱን ላስነብባቸው ቆርጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ1789 ንጉሡ የሦስቱን መደቦች (የካህናት፣ የመኳንንትና የተራው ሕዝብ) ጉባኤ ሲጠራ፣ መንደሮች ብሶታቸውን ጽፈው እንዲያቀርቡ ተጠይቀው ነበር። ጥቂቶቹን በእንግሊዝኛ አግኝቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ግን የተለያዩ መንደሮች አቤቱታ አንዳንድ ቦታ ቃል በቃል ይመሳሰላል። ታዲያ ይሄ የገበሬው ድምፅ ነው ብዬ ላስተምር? ፎቶኮፒው ከኪሴ ስለሆነ ከሁለት ገጽ በላይ አልችልም።

የራፖር ጸሐፊ ልጅ
መምህርት፣ ጥያቄሽ ልጅነቴን አስታወሰኝ። አባቴ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ጃንጥላ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የጽሕፈት መኪና። ምሳ ሳደርስለት አጠገቡ ቁጭ እል ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት መጥተው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አለቀሱ። ስለ ሟች ባላቸው፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ጎረቤታቸው አወሩ። አባቴ ዝም ብሎ ሰማቸውና መታ መታ አደረገ። «አመልካች»፣ «ተጠሪ»፣ መጨረሻው ላይ «በማክበር አመለክታለሁ»። ይሄ ለማንም የሚጻፍ ነው። መሃል ላይ ግን «ተጠሪ የጣሪያውን ውኃ ወደ እኔ ስላዞረው የልጄ ፍራሽ በስብሷል» የሚል ነበር። እሱ የሴትዮዋ ነው።

የፈረንሳዩንም እንደዚያ አንብቢው። ከከተማ የተላከ ናሙና ይዞራል፤ የመንደሩን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ሕግ አዋቂ ነው። ስለዚህ የሚመሳሰለውን እለፊና ፍራሹን ፈልጊ። የርግብ ነገር አለ ለምሳሌ። የባላባቱ ርግቦች የተዘራውን እህል ይለቅማሉ፣ ገበሬው ግን ሊነካቸው አይችልም። የጨው ግብርም አለ፤ በአንዳንድ አውራጃ ሰው በየዓመቱ የተወሰነ ጨው የመግዛት ግዴታ ነበረበት፤ ብሪታኒ የምትባለው የፈረንሳይ አውራጃ ግን ከዚህ ግብር ነፃ ነበረች። ለልጆቹ ሁለት የሚመሳሰሉ አቤቱታዎች ስጫቸው፤ ልዩነቱን ራሳቸው ያስምሩበት።

ጡረተኛው
ልጄ፣ የራፖሩ ምሳሌ ግሩም ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ማን እንዳልተጠራም ጠይቂያቸው። በመንደሩ ስብሰባ ድምፅ የነበራቸው 25 ዓመት የሞላቸውና በግብር መዝገብ የሰፈሩ ወንዶች ናቸው። ሴቶች ከጥቂት በቀር አልነበሩም። ኦሎምፕ ደ ጉዥ የምትባል ፈረንሳዊት ጸሐፊ የሴቶችን መብት መግለጫ ያወጣችው በ1791 ነው፤ በ1793 አንገቷን ተቀላች።

ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻገሪ። በ1832 የፓርላማ አባሉ ሳድለር የመራው የፓርላማ ኮሚቴ የፋብሪካ ሠራተኞችን ጠይቆ መልሳቸውን አስመዝግቧል። ኤልዛቤት ቤንትሊ የምትባል የሊድስ ልጅ የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። ሥራ የጀመርኩት በ6 ዓመቴ ነው፣ ሥራ ሲበዛ ከጠዋቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ነበር ትላለች፤ በእኛ ሰዓት ቆጥሬልሽ ነው። ጥያቄና መልስ ስለሆነ ልጆች ቆመው ሊያነቡት ይችላሉ። ሳድለር ግን ራሱ የሥራ ሰዓት እንዲቀንስ የሚታገል ሰው ነበር። ጥያቄዎቹ ወዴት እንደሚመሩ እንዲያስተውሉ አድርጊ። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቅጠር ከለከለ።

መምህርት ከአራት ኪሎ
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የርግቡን ሞከርኩት። አንብበን ሳንጨርስ፣ ሁሌ ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ለምን አርደው አይበሏቸውም ነበር?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ በነሐሴ 1789 የባላባቶችን መብት የሻረበትን ውሳኔ ፈልጌ አነበብኩለት። ርግቦቹ ማኅበረሰቡ በሚወስነው ወቅት ይዘጋባቸው፤ በዚያን ጊዜ በማሳው ያገኛቸው ሰው ሊገድላቸው ይችላል ይላል። ደወል ሲደወል ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።