የአሥር ልጆች እናት የሆኑትን የአማቴን ታሪክ ከየት ልጀምር?

ምራት ከአሽቀሎን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አማቴ በ1976 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ከወጡት ቤተ እስራኤላውያን አንዷ ናቸው። ባለቤታቸው በሽተኛ አባታቸውን ጥለው መሄድ ስላልሆነላቸው ወደ ኋላ ሲቀሩ፣ እሳቸው ስድስት ልጆች ይዘው ከጎረቤት ጋር ተጓዙ፤ ሁለቱ ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ሞቱባቸው። ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን በአውሮፕላን ባመጣው በዘመቻ ሙሴ እስራኤል ከገቡ በኋላም ባለቤታቸው በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን እስኪደርሱ ድረስ አራቱን ለብቻቸው አሳደጉ። ከዚያ በኋላ አራት ወለዱ፤ የመጨረሻዋ በ2000 እ.ኤ.አ. የተወለደች ናት።

ልጆቻቸው ታሪካቸውን እንድጽፍ የጠየቁኝ ጎንደር ስለተማርኩና ከእነሱ ይልቅ አማርኛ መጻፍ ስለሚቀናኝ ነው። ነገር ግን መታወቂያቸው የልደት ቀናቸውን ጃንዋሪ 1 ቀን 1950 ይለዋል፤ እሳቸው ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ስለራሳቸው ስጠይቃቸው የልጆቹን ነገር ያወሩልኛል። ስንት ወለዱ ስላቸው በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ የየልጁን ስም ይጠራሉ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ስም ሳይጠሩ ወደ ሰባተኛው ያልፋሉ። ዕድሜያቸውን እንዴት ልጻፍ? የሞቱትን ሕፃናትስ ላንሳ ወይስ ዝምታቸውን ላክብር?

ጡረተኛ መምህር፣ ነታንያ

እህቴ፣ መታወቂያውን ወደ ጎን ያድርጉት። የተወለደበትን ወርና ቀን ለማያውቅ ሰው ጃንዋሪ 1 ተብሎ መመዝገቡ የተለመደ ነበር። ዓመቱን በተመለከተ የምጠረጥረው ነገር አለ፦ አማትዎ «በ1950» ብለው በአገር ቤት አቆጣጠር ተናግረው፣ መዝጋቢው ቁጥሩን እንዳለ ወስዶት ሊሆን ይችላል። የእኛ 1950 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 1957 እና 1958 ላይ የሚውል ነው። በመታወቂያው ከሄድን የመጨረሻዋን ልጅ የወለዱት በሃምሳ ዓመታቸው ሊሆን ነው፤ በአገር ቤቱ ከሄድን ግን በአርባ ሁለት ገደማ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የሚታመን ነው። ስሕተቱ ለጡረታቸው ጠቅሟቸው ይሆናል፤ ለታሪካቸው ግን አይበጅም።

ለማረጋገጥ «መቼ» ብለው አይጠይቋቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የትኛውን ልጅ ታቅፈው እንደነበር፣ ቀጥሎም ደርግን የሚቃወመው ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት) በጎንደር ሲዋጋ የትኛው ይድህ እንደነበር ይጠይቋቸው። ርስት ተነፍጎን በሰው መሬት እያረስን፣ ወንዱ በአንጥረኝነትና በሽመና፣ ሴቷ በሸክላ ሥራ ለኖርን ሰዎች የአዋጁ ዓመት በቀላሉ የሚረሳ አይደለም። ከስደቱ በፊት ያለውን በዓመተ ምሕረት፣ ከገቡ በኋላ ያለውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቢጽፉት የልጅ ልጆችም አይደናገሩም። ስማቸውንም መታወቂያው ላይ ባለው የቤተሰብ ስም ብቻ እንዳይተዉት፤ ሰባት ትውልድ ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነንና የአባታቸውን ወገን ከነሐረጉ ያስገቡት።

የመምህሩ ደንበኛ አንባቢ

በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ስልክ ከፊታቸው አስቀምጠሽ አትቅጂ። ዓርብ የሰንበቱን ዳቦ፣ በረከቴን፣ ሲጋግሩ አጠገባቸው ሁኚ፤ እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ይፈታል።

እናት ከቂርያት ጋት

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጻፍ እናቲቱ «ጀግና» ትባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እኔ በፕኒሚያ (በአዳሪ ትምህርት ቤት) ካደጉት ልጆች አንዷ ስለሆንኩ ከዚያ በኋላ ያለውም እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። በዘመኑ ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል የሚገቡ ወጣቶችን በሚያስተናግደው ድርጅት በአሊያት ሀኖዓር በኩል ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የተላኩ ናቸው። የአማትሽ ታላላቅ ልጆችም ተልከው ከሆነ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዳታልፊው። ስድስት ልጆች ይዛ በረሃ ያቋረጠች ሴት፣ ልጇ በየስንት ጊዜው ወደ ቤት እንደሚመጣ የሚወስንላት ሌላ ሰው ሆነ። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ዕብራይስጡ ቀድሞ አማርኛው ተሰብሯል፤ እናቱ የምትለውን ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ይገምታል። ቢሮ ስትሄድ አስተርጓሚዋ የስምንት ዓመት ልጇ ነው፤ ጸሐፊዋ ያለችውን ልጁ መርጦ እንደሚነግራት እያወቀች ዝም ትላለች። እኔም ለእናቴ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ስለ እኔ የጻፈውን ወቀሳ «ጎበዝ ነች ይላል» ብዬ አንብቤላታለሁ። አማትሽ በእነዚያ ዓመታት ማን ደብዳቤ ያነብላቸው እንደነበር፣ ንጋት ላይ ጽዳት ሲሄዱ ትንንሾቹን ማን ይጠብቅ እንደነበር ጠይቂ።

ሕፃናቱን በተመለከተ፣ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን እንደሞቱ ይነገራል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። አማትሽ አንጓ ሳያጎድሉ የሚቆጥሩ ከሆነ አልደበቋቸውም ማለት ነው። በልጆቻቸው ፊት ግን አትጠይቂ። ታናናሾቹ እነዚህን ሁለት ወንድሞች ወይም እህቶች ጭራሽ ላያውቋቸው ይችላሉ፤ መቼ እንደሚነገራቸው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ምራት ከአሽቀሎን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአዋጁን ዓመት ባለፈው ዓርብ ጠየቅኋቸው፤ «የመጀመሪያውን አዝዬ፣ ሁለተኛዋን አርግዤ» ብለው ሳያመነቱ መለሱልኝ። ባል ያገቡት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ስለሆነ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ መወለዳቸውን እየተቀበልኩ ነው። ሁለቱ ታላላቆችም ፕኒሚያ ያደጉ ናቸው፤ ስለዚያ ዘመን እናትና ልጆቹን ለየብቻ መጠየቅ የሚሻል ይመስለኛል። የሕፃናቱን ነገር ገና አላነሣሁም። አብረዋቸው ከጎንደር የወጡት ጎረቤት ቂርያት ማልአኺ ስለሚኖሩ፣ ከዓመታዊው የቤተ እስራኤላውያን በዓል ከሲግድ በፊት ወስጄ ላገናኛቸው አስቤያለሁ።