ከኖርዌይ የሚመጣ ድንክ አኻያ ደሴ ላይ ይይዛል ወይ?

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ። ተክል የምታውቁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ቤታችን ደሴ፣ ጦሳ ስር ተዳፋት ላይ ነው። የጓሮው አፈር በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ እየታጠበ ጎረቤት ግቢ ይገባል። ባሕር ዛፍ አልፈልግም፣ ቦታውም ጠባብ ነው። እህቴ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ነው የምትኖረው። እዚያ ተራራ ላይ ያነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ፤ ከጣት የማይረዝም፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ ያለበሰ ተክል ነው። ቅጠሉ ክብ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው። «አኻያ ነው፣ ዛፍ ነው» አለችኝ። ለገና ስትመጣ ይዛልኝ ትምጣ? ደሴም ብርድ ናት፣ በረዶ የቻለ እዚህ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

መምህር ዘባዮሎጂ፦
ከገለጻህ ሳሊክስ ኸርባሲያ የሚባለው ይመስላል። እህትህ ልክ ናት፣ እንጨት ያለው አኻያ ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኔዎስ «ከዛፎች ሁሉ ትንሹ» ያለው እሱን ነው። ቁመቱ ከ1 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አብዛኛው ቅርንጫፍ አፈር ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል፤ ላይ ብቅ የሚለው ጫፉ ብቻ፣ ከሁለት ሦስት ቅጠል ጋር።

«በረዶ የቻለ ደሴን ይችላል» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የደሴ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ያድርና ረፋድ ላይ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ያ ተክል የለመደው ደግሞ ወራት የሚዘልቅ፣ የማይቋረጥ ቅዝቃዜ ነው፤ በረዶ ስር ተቀብሮ ይተኛል። እንቅልፉን ካልጠገበ እምቡጡ በወጉ አይፈነዳም፣ እየመነመነ ይሄዳል። ብርሃኑም ሌላ ነው። ትሮምሶ ላይ ከግንቦት 12 ገደማ እስከ ሐምሌ 15 ገደማ ፀሐይ አትጠልቅም። የኛ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብርሃን ሲያጥር ክረምት መጣ ብሎ እድገቱን የሚያቆም ተክል እዚህ ምን ያደርጋል?

ወሎዬ በስቶክሆልም፦
እኔ በበጋ ወደ ሰሜን ተራሮች ስወጣ አየዋለሁ። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በረዶው ዘግይቶ በሚቀልጥበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። ቀልጦ ሳያበቃ ማበብ ይጀምራል፤ ጊዜ የለውማ። ወንዱና ሴቷ የተለያየ ተክል ላይ ናቸው። ቆንጆ ነገር ነው፣ ግን እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው። የደሴን የነሐሴ ጎርፍ ያቆማል ብለህ ከሆነ እርሳው።

ደግሞ ለገና ስትመጣ ተክሉ እዚያ በረዶ ስር ነው፣ ቆፍራ ልታወጣልህ ነው? ዘሩም ቢሆን ተስፋ የለውም፤ የአብዛኛው አኻያ ዘር በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል።

የሆጤ ልጅ፦
ኧረ ተስፋ አታስቆርጡኝ 😄 በዕቃ ተክዬ ሦስት ወር ፍሪጅ ውስጥ ባስተኛውስ?

መምህር ዘባዮሎጂ፦
ለጨዋታ ከሆነ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ ለጥቂት ወራት ማቆየት ለብዙ የብርድ አገር ተክሎች ይሠራል። መብራት ካልጠፋ ነው ታዲያ። ቅጠል ባወጣበት ጊዜም ተጨማሪ መብራት ማታ ማታ ታበራለታለህ። ጓሮህን ግን አያድንልህም።

ሰኞ ገበያ፦
ፍሪጁን ተውትና ስለ ሕጉ ንገሩት። ተክል፣ ቁራጭም ሆነ ዘር፣ ዝም ብሎ በሻንጣ አይገባም። ከመምጣቱ በፊት ከግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ይወጣል፤ ከላኪው አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። አፈር የያዘ ሥር ከሆነማ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። መቅረቱም ተገቢ ነው፣ በሽታና ተባይ የሚገባው በዚሁ ነው።

ችግኝ ጣቢያ ኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ፣ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አኻያ ካልክ የራሳችን አለ እኮ! በየወንዙ ዳር የምታየው፣ ለጥርስ መፋቂያ የሚቆረጠው። ሳሊክስ ሙክሮናታ ይሉታል፣ ከዚያ ድንክ ጋር ወገን ነው። በቁራጭ ይይዛል። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ክንድ የሚሆን ቅርንጫፍ ቁረጥ። ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበረው፤ ታችና ላዩ እንዳይገለበጥብህ ብቻ። ግን ውሃ ወዳድ ነው፤ ጓሮህ ታች፣ ውሃው የሚጠራቀምበት ላይ ይሁን። ቁልቁለቱ መሀል ላይ በበጋ ይደርቅብሃል።

ለቁልቁለቱ ዴሾ ሣር ትከል። ቬቲቨር ለሚባለው ሣር ብዙ ሰው ያወራለታል፣ እኛ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ይመቸናል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቬቲቨር በብርዱ ይጎተትብሃል። ዴሾ ደጋውን ይችላል፣ ከብት ካለህም መኖ ነው። መጀመሪያ እርከን አውጣ። መስመሩን በዓይን አትገምት፣ የግንበኛ ውሃ ልክ ተዋስ፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ውሃው እዚያው ሰብሮ ይወጣል። ከዚያ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ መሬቱ ሲርስ፣ ሣሩን ከነሥሩ እየገነጠልክ እርከኑ ላይ አቀራርበህ ትከል። በረድፉ መሀል ክፍተት ከተውክ ጎርፉ የሚያገኘው እሱን ነው። ቦታ ከተረፈህ ከላይ በኩል ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ጨምር።

እትዬ ጦስኝ፦
ልጄ፣ አፈሩ መታጠቡ ብቻ ነው ወይስ መሬቱ ተሰንጥቋል? ደሴ ላይ መሬት መንሸራተት እንግዳ ነገር አይደለም። ስንጥቅ ካየህ፣ ወይም የግንቡ አጥር ማዘንበል ከጀመረ፣ ሣርም አኻያም አያቆመውም። የከተማውን መሐንዲሶች ጥራ።

የሆጤ ልጅ፦
አመሰግናለሁ እትዬ። ስንጥቅ የለም፣ ላይ ላዩን ነው የሚታጠበው። ዴሾውን ሰኔ ላይ እጀምራለሁ። ግን ድንኩ አኻያ ከልቤ አልወጣም። አቡየ ሜዳ ተራራ ላይስ? 4,000 ሜትር ነው ይባላል።

መምህር ዘባዮሎጂ፦
እዚያም ብርዱ የሌሊት ነው፣ ከመበርታቱ በስተቀር። ለዚህ ዓይነት ብርድ የተሠራው ጅብራ ነው፤ ማታ ቅጠሉን ሰብስቦ እምቡጡን ይሸፍናል፣ ጠዋት ይከፍታል። በዚያ ላይ የኛን ደጋ ባዕድ ተክል መሞከሪያ አናድርገው። አስታውና ጓሳው ይበቃዋል።

ችግኝ ጣቢያ ኮምቦልቻ፦
አንድ ነገር ረስቼ፦ ታች በኩል የፍሳሽ ቱቦ ወይም ሴፕቲክ ታንክ አለ? የአኻያ ሥር ውሃ ፍለጋ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል።

የሆጤ ልጅ፦
ሴፕቲኩ እዚያው ነው፣ አራት ሜትር ቢሆን።

ችግኝ ጣቢያ ኮምቦልቻ፦
እንግዲያው አኻያውን ተወው፣ ታችም ዴሾ አድርገው። ወይም ጎረቤትህን አስማማና ከአጥሩ ማዶ፣ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ይተከል። አፈርህን ሲቀበል የኖረው እሱ ስለሆነ እምቢ የሚል አይመስለኝም።