የብድር ዋስ ሁን ተባልኩ፤ ምሳሌ 6 ይከለክላል ወይስ ማቴዎስ 5፥42 ያዛል?

ናሆም_ዘ
ሰላም ለሁላችሁ። የጸሎት ቡድናችን አባል የሆነ ወንድም ከማይክሮ ፋይናንስ 200,000 ብር ሊበደር ነው፤ የደመወዝ ዋስ እንድሆነው ጠይቆኛል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፣ የወር ደመወዜ 15,000 ብር ነው፣ ባለትዳርም ነኝ። ምሳሌ 6 ላይ ዋስ የሆነ ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው ሮጦ ያምልጥ ይላል። ማቴዎስ 5፥42 ደግሞ «ለሚለምንህ ስጥ፥ ከአንተም ይበደር ዘንድ ከሚወደው ፈቀቅ አትበል» ይላል። ቡድኑ ውስጥ «ካልፈረምክለት ፍቅር የለህም» የሚሉም አሉ። የቱን ልያዝ? የምፈርም ከሆነስ ምኑን አይቼ ልፈርም?

መምህር_ዘጎላ
ሁለቱ ጥቅሶች አይጣሉም፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ማቴዎስ 5፥42 እጅህ ላይ ስላለው ነው፤ ስጥ፣ አበድር። ዋስትና ግን ገና ያላገኘኸውን ገንዘብ፣ የመጪዎቹን ዓመታት ደመወዝ፣ ዛሬ ለሦስተኛ ወገን ማስያዝ ነው።

ምሳሌን ስታነብ ምዕራፍ 6 ላይ አትቁም። 11፥15ን፣ 17፥18ን፣ 20፥16ን፣ 22፥26-27ን ጨምረህ አንብብ። ምክንያቱን የምታገኘው የመጨረሻው ላይ ነው፦ የምትከፍለው ከሌለህ ምንጣፍህን ከበታችህ ለምን ይወስዱብሃል ይላል። የሚወቀሰው የማይከፍለውን እከፍላለሁ ያለ ሰው ነው፤ ወዳጁን መርዳቱ አልተወቀሰም።

81ዱን የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ለምንቀበል መጽሐፈ ሲራክ ነገሩን የበለጠ ያፍታታዋል። ምዕራፍ 29 ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ይልና ወዲያው ዋስትና ብዙ ባለጸጎችን እንዳጠፋ ይናገራል፤ ከዚያ እንደ አቅምህ ባልንጀራህን እርዳ፣ ራስህም እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ ይላል። ምዕራፍ 8 ደግሞ ከአቅምህ በላይ አትዋስ፣ ከተዋስክም እንደሚከፍል ሰው አስብ ይላል። እንግዲህ ራስህን የምትጠይቀው «ወንድሜ ይከፍላል ወይ?» ብለህ አይደለም፤ «ባይከፍል እኔ ሳላጉረመርም እከፍላለሁ ወይ?» ብለህ ነው።

ቤተ_ፌልሞና
በመምህር ሐሳብ ብስማማም አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዋስ የሆኑ ሰዎችን እንይ።

ፌልሞና 18-19 ላይ ጳውሎስ ስለ ፌልሞና ባሪያ ስለ አናሲሞስ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠረው፣ በእጄ እጽፋለሁ፣ እኔ እመልሰዋለሁ ይላል። ልብ በሉ፦ ባለገንዘቡ ፌልሞና ጳውሎስ የሚያውቀው ሰው ነው፣ ጽሑፉ በገዛ እጁ ነው፣ አናሲሞስ እስኪያቅተውም አልጠበቀም፤ ከመጀመሪያው ከፋዩ እኔ ነኝ ብሎ ገባበት። ይሁዳም ለብንያም ሲዋስ (ዘፍ 43፥9) ራሱን ነው ያስያዘው፤ ቀኑ ሲደርስም 44፥33 ላይ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ።

ከዚያ በፊት ግን ሮቤል ነበር። ዘፍ 42፥37 ላይ ብንያምን ባልመልሰው ሁለቱን ልጆቼን ግደል አለ። ያዕቆብ አልተቀበለውም። ሮቤል ያስያዘው የራሱን ነፍስ ሳይሆን የሌላ ሰው ነፍስ ነበር። ሚስቱ ሳታውቅ ፈርሞ የቤቱን ቀለብ የሚያስይዝ ባል ከሮቤል በምን ይሻላል? ናሆም ባለትዳር ነኝ ስላለ ነው ይህን ያነሣሁት። ባለቤትህ ሰምታለች?

ሕግና_ጸሎት
ከዚሁ ከባለቤትህ ጉዳይ ልጀምር፤ ምክር ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ። ይህ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ያንተን ተመልከት። ለዚህ ነው አበዳሪዎች ሚስትም ትምጣና ትፈርም የሚሉት።

አሁን ወደ ውሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል (አንቀጽ 1725)፤ የተዋስክበት የገንዘብ መጠን ካልተጻፈም ዋስትናው አይጸናም (1922)። ስለዚህ ባዶ ቦታ ባለው ቅጽ ላይ በፍጹም አትፈርም፤ «ቁጥሩን በኋላ እንሞላዋለን» ብሎ ነገር የለም። 200,000 ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ከሥሩ ያለውን መስመር አንብብ፦ ወለድ፣ መቀጫና የክስ ወጪ በ200,000ው ውስጥ ናቸው ወይስ በላዩ ላይ? ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ውሉ ውስጥ «በአንድነትና በነጠላ» ወይም «የማይከፋፈልና የማይነጣጠል» የሚል ሐረግ ፈልግ። ካለ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ አንተን መክሰስ ይችላል (1933)። ተራ ዋስ ከሆንክ ግን «አስቀድመህ የባለዕዳውን ንብረት ፈልግ» ማለት ትችላለህ (1934-1935)፤ ይህንንም ክሱ እንደቀረበብህ በመጀመሪያው መልስህ ላይ ማንሳት አለብህ። የአበዳሪ ተቋማት የታተሙ ቅጾች በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው።

የደመወዝ ዋስትናው ደግሞ መሥሪያ ቤትህ በሚጽፈው ደብዳቤ የሚታሰር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ከ15,000 ላይ 5,000 ማለት ነው። 200,000ን ለ5,000 ብታካፍለው 40 ወር ይመጣል፤ ያውም ወለዱን ሳንቆጥር። ለሦስት ዓመት ከአራት ወር በ10,000 ብር መኖር ትችላለህ? ደግሞ ሥራ ልቀይር ብትል ዕዳው እስኪዘጋ ወይም ዋስ እስክትተካ ድረስ ክሊራንሱ (ከመሥሪያ ቤቱ ዕዳ የለበትም ተብሎ የሚሰጠው ማስረጃ) ላይ ልትያዝ ትችላለህ።

ናሆም_ዘ
ባለቤቴ ገና አልሰማችም፤ ዛሬ እነግራታለሁ። 40 ወር ግን ለእኛ ቤት አይሆንም። ወንድሙን ባዶ እጁን ሳልመልሰው ምን ላድርግ? አንድ ሌላ የቡድናችን አባል ደግሞ ለሌላ ሰው አስቀድሞ ፈርሟል፤ እሱስ?

መምህር_ዘጎላ
2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12ን ያዝ፦ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ነው እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም። ጠቅላላውን ከመዋስ የማይመለስ 5,000 ወይም 10,000 ብር ስጠው፤ የምትሰጠውን ልክ ከባለቤትህ ጋር ወስኑ። ቡድኑም እንዲሁ ቢያዋጣ የሚበደረው ያንሳል። «ፍቅር የለህም» ያሉትን ደግሞ በቅንነት ጠይቃቸው፦ እያንዳንዳቸው በ40,000 ብር ጣሪያ ይፈርማሉ? አምስት ሰው ከተገኘ 200,000 ሞላ። (አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩ እዚህ ላይ ይበርዳል።)

እምቢታህንም አታቆየው። «እስቲ እናያለን» እያልክ ካሰነበትከው ሌላ ዋስ የሚፈልግበትን ጊዜ ትበላበታለህ። ማቴዎስ 5፥37 አዎን ወይም አይደለም በሉ ይላል።

ሕግና_ጸሎት
አምስቱ በየራሳቸው ጣሪያ ከፈረሙ ውሉ ላይ ድርሻቸው በስም ተለይቶ ይጻፍ፤ «በአንድነት» የሚል ከገባ 40,000 ብሎ የገባው ሰው ለ200,000ው ሊጠየቅ ይችላል። ተቋሙ ላይቀበልም ይችላል፤ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የብድር ክፍሉን ጠይቁ።

አስቀድሞ ለፈረመው ሰው ምሳሌ 6፥3 ሂድ፣ ራስህን ዝቅ አድርገህ ለምን ነው የሚለው። አበዳሪው በልመና የመልቀቅ ግዴታ የለበትም። ግን የውሉን ቅጂ ይውሰድ፣ ቀሪ ዕዳው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ምትክ ዋስ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቅ፣ ብድሩ ቢታደስ ወይም ቢጨመር ያለ አዲስ ፊርማው እንደማይስማማ በደብዳቤ ያሳውቅ፤ በደብዳቤው ቅጂ ላይ «ደርሶናል» ብለው ቀን ጽፈው ማኅተም ያድርጉለት። ለመክፈል ከተገደደ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ለተበዳሪው ይንገረው። ሳይነግረው ከፍሎ ተበዳሪውም ከከፈለ ገንዘቡን ከተበዳሪው ማስመለስ ይቸግረዋል። ከከፈለ በኋላ የከፈለበትን ደረሰኝ በራሱ ስም ያሠራ።

ቤተ_ፌልሞና
ደረሰኙ ላይ «በዋስነት የተከፈለ» የሚል ይኑርበት፤ አለዚያ ተበዳሪው ራሱ የከፈለ ይመስላል።