ክርክር፦ ለዜሮ ክፍል ወይስ ለ8ኛ ክፍል ማጠናከሪያ?

አወያይ፦ የ8ኛ ክፍል የሚኒስትሪ ውጤት በተነገረ ቁጥር የሐዋሳ ክፍለ ከተሞች እርስ በርስ ይነጻጸራሉ። ለውይይት የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ክፍለ ከተሞች ያላቸውን ውስን ገንዘብ አስቀድመው ለመንግሥት ቅድመ አንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ከ1ኛ ክፍል በፊት ላለው ዜሮ ክፍል፣ ያውሉት ወይስ በላይኛዎቹ ክፍሎች ለሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት?

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፦ እኔ የምደግፈው ማጠናከሪያውን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ዘንድሮ ዜሮ ክፍል የሚገባ ሕፃን ለሚኒስትሪ የሚቀመጠው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ በየዓመቱ ለሚፈተኑት ታላላቆቹ ምን መልስ እንሰጣለን?

የ1ኛ ክፍል መምህርት፣ ሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ፦ መምህር፣ ያነሡት ጭንቀት የእኔም ጭንቀት ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ወደ ኋላ መቅረት የጀመሩት እርስዎ ዘንድ ከመድረሳቸው ብዙ ዓመታት ቀድሞ መሆኑን በየመስከረሙ አያለሁ። አንዱ ልጅ በግል መዋዕለ ሕፃናት ሦስት ዓመት ቆይቶ ፊደል ለይቶ፣ ስሙን ጽፎ ይመጣል፤ አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ግን እርሳስ በእጇ ስትይዝ ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነው። መጽሐፉ ለሁለቱም አንድ ነው፣ የተመደበው ክፍለ ጊዜም አንድ ነው፤ እኔ ለእርሷ ስዘገይ እርሱ ይሰለቻል፣ ለእርሱ ስፈጥን እርሷ ትጠፋብኛለች። በ2002 ዓ.ም. የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በስድስት ቋንቋዎች ሲለካ፣ ከሁለተኛ ክፍሎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ በሲዳምኛ ከተፈተኑት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት። በ2014 ዓ.ም. ያ አሳዛኝ ውጤት የተመዘገበባቸው ልጆች ሁለተኛ ክፍል የነበሩት ከዚያ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ማንበብ ላልቻለ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ የቅዳሜ ማጠናከሪያ መስጠት፣ በሚያነበው ጥያቄ ላይ ሳይሆን ጥያቄውን በማንበብ ላይ የሚደክም ልጅን ስለ ጥያቄው ማስረዳት ነው።

የፋብሪካ ሠራተኛ እናት፣ መነኻሪያ ክፍለ ከተማ፦ እኔ በፈረቃ የምሠራ ነኝ፤ የግል ኬጂ ክፍያ ከደመወዜ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ሴት ልጄ የምትማርበት ዜሮ ክፍል እኩለ ቀን ላይ ስለሚለቅ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ዘንድ ትውላለች። መምህርት የሚሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም ክፍሉ መኖሩ ብቻ ለእንደኔ ዓይነት ወላጅ በቂ አይደለም።

የትምህርት ዕቅድ ባለሙያ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፦ የእናታችን ቃል ወደምፈልገው ነጥብ ያደርሰኛል። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ወደ ሦስት ሺህ በሚጠጉ ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በዕጣ የመንግሥት ቅድመ መደበኛ የደረሳቸው ልጆች 6ኛ ክፍል ላይ ካልደረሳቸው ያነሰ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። በአንጻሩ በሚሺጋን ግዛት በይፕሲላንቲ ከተማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በ123 ችግረኛ ሕፃናት ላይ የተጀመረው የፔሪ ሙከራ፣ ትምህርቱን ያገኙት 40 ዓመት ሲሞላቸውም በገቢና ከወንጀል በመራቅ የተሻሉ እንደነበሩ አረጋግጧል። በፔሪ አንድ መምህርት የምትይዘው ስድስት ልጆች ያህል ሲሆን በየሳምንቱም እናቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታነጋግር ነበር። በእኛ አገር በ2002 ዓ.ም. የሕፃናት ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ፣ ከመቶ አሥር በታች የነበረው የቅድመ አንደኛ ተሳትፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ግማሽ ተጠጋ፤ ሆኖም የሠለጠነ መምህርና ለትንንሽ ልጆች የሚመጥን ክፍል በዚያው ፍጥነት አልጨመረም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ቅድመ አንደኛውን የሁለት ዓመት ስላደረገው ጫናው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ለዜሮ ክፍል እከራከራለሁ፤ ቁጥር ለማሟላት ብቻ ለሚከፈት ክፍል ግን አልከራከርም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ታቦር፦ የንባቡን ጉዳይ ተቀብያለሁ። ቢሆንም እንደ ፔሪ ያለ ክፍል ለመክፈት አቅም የለንም፤ በሌለን አቅም ስም አሁን 7ኛ ክፍል ያሉትን ልተዋቸው አልችልም።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፣ ሐዌላ ቱላ፦ ይተዋቸው አላልኩም፣ መምህር። የምጠይቀው ከፔሪ በጣም ያነሰ ነገር ነው፦ ዜሮ ክፍልን የሚይዙት ትርፍ ሆነው የተገኙ መምህራን ሳይሆኑ ለሕፃናት የሠለጠኑ ይሁኑ፤ ከሕፃናቱም ጋር ዓመቱን ሙሉ ይቆዩ። ደግሞም ልጅ 1ኛ ክፍል ሲመዘገብ ቅድመ አንደኛ ተምሮ እንደሆነና እንዳልሆነ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ዛሬ የእኛ ክፍለ ከተማ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የሚታየው የመጨረሻው ነጥብ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ከየት ተነሥተው እዚያ እንደደረሱ የሚያሳይ አንድም ዓምድ የለም።

አወያይ፦ የመዝገቡ ሐሳብ ለወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ እንዲቀርብ በሁለቱም ወገን ተስማምታችኋል። የገንዘቡ ክፍፍል ግን ገና አልተቋጨም፤ የ7ኛ ክፍል ወላጆች ሐሳባችሁን እንድትጨምሩ እጠይቃለሁ።