ሴቶች ብቻ የሚኖሩባት ከተማ በዲስቶፒያ ልቦለድ፦ ጭቆናው ከየት ይምጣ?

ጥቁር ቀለም (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የዲስቶፒያ ልቦለድ ረቂቅ ይዣለሁ። ታሪኩ የሚፈጸመው በአንድ ደጋ አምባ ላይ በተቆረቆረች፣ ሴቶች ብቻ በሚኖሩባት ከተማ ነው። ወረርሽኝ ወንዶቹን ከፈጀ 60 ዓመት ሆኖታል። ነዋሪዎቿ 1,000 ይጠጋሉ፤ ልጅ የሚወልዱት ከወረርሽኙ በፊት በቅዝቃዜ ከተቀመጠ የወንድ ዘር ነው። ረቂቁን ያነበቡት ሁለት ነገር አላመኑም። አንደኛው ከተማዋ ይህን ያህል ዘመን መቆየቷን ነው። ሁለተኛው ጭቆናውን ነው፤ አለቃዋ ያለ ምክንያት ክፉ ሆነችባቸው። ዘሩ በምን ይጠበቃል? የስንት ሰው ዘር ይበቃል? ወንድ ልጅ ሲወለድስ? አለቃዋን ጭራቅ ሳላደርግ ከተማዋን አስፈሪ ማድረግ የምችለው እንዴት ነው?

አዳቃዩ
እህቴ፣ ስለ 60 ዓመቱ አትጨነቂ። ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ሲቀመጥ በሕዋሱ ውስጥ የሚካሄደው ሁሉ ቀጥ ስለሚል አሥርት ዓመታት ይቆያል። ችግሩ ናይትሮጅኑ ነው። የማስቀመጫው ክዳን ጥብቅ ተደርጎ አይዘጋም፤ ቢዘጋ ጋዙ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሌት ተቀን ይተናል። ትንንሾቹ ዕቃዎች ካልተሞሉ በሳምንታት፣ ትልልቆቹ በወራት ይደርቃሉ። አንዴ ከደረቁ አበቃ።

ናይትሮጅን የሚመረተው ከአየር ነው፤ አየሩን ጨምቆና አቀዝቅዞ መለየት ይጠይቃል። ያ ደግሞ መጭመቂያ ሞተርና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ከአምባሽ ሥር ወንዝና ትንሽ ተርባይን ስጫት፤ ኩሽኔታው ሲበላ ምትኩ ከየት እንደሚመጣም አስቢ። መለዋወጫ ፍለጋ ከአምባው የሚወርዱት ሴቶች ብቻቸውን አንድ ምዕራፍ ይወጣቸዋል።

ለትዕይንቱ የከብት አዳቃይ ባለሙያ ሲሠራ ማየት ይጠቅምሻል። ዘሩ ያለው ሩብ ወይም ግማሽ ሚሊ ሊትር በሚይዝ ቀጭን የፕላስቲክ ቀሰም ውስጥ ነው። ባለሙያው ክዳኑን ሲያነሳ ነጭ ጉም በዕቃው አንገት ላይ ይፈስሳል። ቀሰሞቹ የተደረደሩበትን መያዣ ከአንገቱ ሳያሳልፍ ከፍ ያደርግና አንዱን በፒንሳ ይመዛል፤ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ያህል ይነክረዋል፤ ከዚያ አብሶ ያደርቀዋል፤ ውሃ ዘሩን ከነካው ይገድለዋልና። ትልቁ ጥፋት መያዣውን ወደ ላይ አውጥቶ የሚፈለገውን ቀሰም እያነበቡ መቆየት ነው። የቀሩት ቀሰሞች በሰከንዶች ውስጥ ይሞቃሉ፣ ተመልሰው ይቀዘቅዛሉ፤ ለዓይን ግን ምንም አልሆኑም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ እርግዝናው እንቢ ሲል ነው። ያኔ ማን እንዳጠፋች አይታወቅም፤ ጣት የሚቀሰረው ባልፀነሱት ላይ ነው። ይህን ለታሪክሽ ተጠቀሚበት።

ክፍሉ መስኮት ከሌለውም አደጋ አለው። ናይትሮጅኑ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል።

መዝገብ ቤት
ቁጥሩን እኔ ልጨምር። ከ1,000ዎቹ ውስጥ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉት 300 ናቸው እንበል። ዋናው የእናቶቹ ብዛት አይደለም፤ የአባቶቹ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 4 በእናቶች ቁጥርና በአባቶች ቁጥር ይባዛል፤ የተገኘው ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። 300 እናትና 10 ዘር ሰጪ ካሉ ውጤቱ 39 ገደማ ይሆናል፤ በዘር ብዝኃነት በኩል ከተማሽ የ39 ሰው መንደር ናት ማለት ነው። ዘር ሰጪዎቹን 200 ካደረግሻቸው 480 ይደርሳል። በዱር እንስሳት ጥበቃ ሙያ የቆየ መነሻ አለ፤ በዚህ ስሌት የሚገኘው ውጤት ለአጭር ጊዜ ቢያንስ 50፣ ለዘለቄታው 500 ይሁን የሚል። በ10 ሰው ዘር የተመሠረተች ከተማ ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር በዝምድና መወለድ የሚያመጣው ጉዳት ይበዛባታል።

ይህም ቢሆን ማን ከየትኛው ቀሰም እንደተወለደች የሚናገር መዝገብ ከሌለ ዋጋ የለውም። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት በለመደ አገር ለሚያነብ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። በአንቺ ከተማ አባት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የምታነብ አንዲት ሴት ብቻ ከሆነች ማን ትውለድ፣ ማን ትከልከል የሚለው በእጇ ነው።

ወደ ወንድ ልጅ ስመጣ፦ ሴት የሚያስወልደው የወንድ ዘር ወንድ ከሚያስወልደው በዲኤንኤ መጠኑ 2.8 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ በቀለም ነክሮ በሌዘር የሚለይ መሣሪያም አለ። ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ ፍጹምም አይደለም። 90 በመቶ ቢሳካ፣ በዓመት 20 ልጅ በሚወለድባት ከተማ 2ቱ ወንድ ይሆናሉ። መሣሪያው ከሌለ ግማሹ ወንድ ነው። እንግዲህ ወረርሽኙ ዛሬም አለ ወይስ የለም? ካለ ሕፃናቱ ይሞታሉ። ከሌለ ግን ከተማዋ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሴቶች ብቻ መሆኗ ይቀራል። ካልቀረ አንድ ሰው እንዲያ እንዲሆን ወስኗል።

ያለ ወንድ ዘር መፅነስ የሚባለውን አቋራጭ አትያዢ። አንዳንድ እንሽላሊቶች ይችሉበታል። በአጥቢዎች ግን ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ ሲወረሱ የሚሠሩ ጂኖች ስላሉ ፅንሱ አይዘልቅም። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ ከሁለት እናቶች አይጥ ሲገኝ ከ457 እንቁላል በሕይወት የተወለዱት 10 ነበሩ፤ ያደገችው አንዲት ብቻ። ያውም ጂን ተቀይሮ ነው።

ሰዋስው
የመዝገብ ቤት የመጨረሻ ጥያቄ የልቦለድሽ እምብርት ነው። በዚህ ዘርፍ የተጻፉትን ደህና ሥራዎች ብታዪ ጭቆናው ከሴቶች ጠባይ አይመጣም፤ ከአወላለዱ ሥርዓት ነው የሚመጣው። ጆን ዊንደም እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው «ኮንሲደር ኸር ዌይስ» አይጥ ለማጥፋት የተሠራ ቫይረስ ወንዶቹን ይጨርሳል። የተረፉት ሴቶች በአራት መደብ ይከፈላሉ፤ ከእነሱም አንዱ ሥራው መውለድ ብቻ ነው። ርዕሱ ከምሳሌ 6፡6 የተወሰደ ነው፤ ሰነፉን ወደ ጉንዳን ሂድ ከሚለው። እዚያ ማንም ክፉ አይደለችም። ሐኪሞቹ ትሑታን ናቸው፣ ምግቡ ሞልቷል፤ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ግን ነቅታ ራሷን ከመውለጃዎቹ መደብ ታገኛለች። ፍርሃቱ ያለው በደግነቱ ውስጥ ነው።

ሴቶች ብቻ ስለሚኖሩበት አገር የሚተርከው «ኸርላንድ» (እ.ኤ.አ. 1915) የተጻፈው መልካም አገር ለማሳየት ነው። ሆኖም ጠባያቸው ያልተወደደ ሴቶች እናትነትን በፈቃዳቸው እንዲተዉ ይለመናሉ፤ የዛሬ አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ ይከብደዋል። ሺሪ ቴፐር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ልቦለድ ደግሞ ወንዶች ልጆች በ5 ዓመታቸው ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው የጦር ሰፈር ይላካሉ፤ በ15 ዓመታቸው ይመለሱ ወይም ይቅሩ ብለው ይመርጣሉ። የከተማዋ ምስጢር የልጆቹ እውነተኛ አባት ማን መሆኑ ነው።

ለአለቃሽ የምመክርሽ ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ደንብ ሲወጣ እውነተኛ ችግር የፈታ ይሁን። «የዘሩን ማስቀመጫ ከአንዲት ሴት በቀር ማንም አይክፈት» የሚለው ደንብ ዘሩን ያድናል። «መዝገቡን ማንም አያንብብ» የሚለው ቅናትን ያስቀራል። ከ40 ዓመት በኋላ ሁለቱ ደንቦች ተደምረው አንዲትን ሴት ንግሥት ያደርጓታል፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው ራሷን አገልጋይ አድርጋ ነው የምታየው።

ጥቁር ቀለም (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረርሽኙ ከ25 ዓመት በፊት ጠፍቷል፣ የምታውቀው ግን አለቃዋ ብቻ ናት ብልስ? ወንዶቹን ሕፃናት ምን ላድርጋቸው? ምስጢሩንስ የት ልግለጠው?

እንኮዬ
አንቺ ልጅ፣ ሕፃናቱን አትግደያቸው፤ ብትገድያቸው አለቃዋ ተመልሳ ጭራቅ ትሆንብሻለች። በእውነቱ ዓለም መንገዶች አሉ። ኬንያ ውስጥ ሳምቡሩ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990 የመሠረቱት ኡሞጃ የሚባል የሴቶች መንደር አለ፤ ወንዶች ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ያድጋሉ፣ ሲጎለምሱ ይወጣሉ። ያንቺ ከተማ ውስጥ «ቆላ ወርዶ ያድጋል» ተብሎ የሚወሰድ ሕፃን ይኑር። ወሳጇ አንዲት አዋላጅ ትሁን፤ የምታደርስበትን ቦታ አንባቢ ዘግይቶ ይወቅ።

ለአስተዳደሩ የሴቶች ገዳማትን አሠራር አጥኚ፤ ሰበታ ጌቴሴማኒን የመሰሉ። እመ ምኔት አለች፣ ሥራው በምድብ ነው፣ በአንድነት ገዳም ማዕዱም ንብረቱም የጋራ ነው። ልዩነቱን ግን ያዢው። ገዳም የምትገባው ፈቅዳ ነው፤ ከመመንኮሷ በፊትም በአመክሮ ትቆያለች። ማኅበሩ የሚቀጥለው ከውጭ በሚመጡት እንጂ በመውለድ አይደለም። የአንቺዎቹ እዚያው ተወለዱ እንጂ አልመረጡም። የገዳምን ሕግ እንዳለ ብትገለብጪው በደለኛው እምነቱ ይመስላል፤ ያ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ነው።

ምስጢሩን መጨረሻ ላይ አታስቀምጪው፤ ሲሶው ላይ ይውጣ። መዝገቡን ለመገልበጥ የተመደበች ወጣት ጸሐፊ «ሞተ» በተባሉት ወንዶች ስም አጠገብ የቀን ዝርዝር ታግኝ፤ የሞት ቀን ያልሆነ፣ አዋላጇ ቆላ የወረደችበት ቀን። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ለማን ትናገር፣ ብትናገርስ ከተማዋ ትፈርሳለች ወይስ አትፈርስም በሚለው ይያዝ። አለቃዋም ታውቅባትና ቁልፉን አምጥታ ትስጣት።